የአንድ ገጠር ዓመት በፎቶ፦ ወቅቶቹን በወጥነት ለማንሳት ምን ይደረግ?

ፎቶ ቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአነስተኛ ከተማ ፎቶ ቤት የምሠራ ነኝ። በከተማዋ ዙሪያ ያለውን የገጠር ኑሮ አንድ ዓመት ሙሉ በየወቅቱ ለማንሳት አስቤያለሁ፤ እርሻውን፣ አረሙን፣ አጨዳውን፣ ውቂያውን፣ ገበያውን፣ ሰርጉን፣ ስብሰባውን። በመጨረሻ ለነዋሪው የሚቀር አንድ ወጥ ስብስብ እንዲሆንልኝ እንጂ እዚህም እዚያም የተበታተነ ቆንጆ ፎቶ እንዲሆን አልፈልግም። ያለኝ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ካሜራ፣ 35 እና 85 ሚሜ ሌንስ፣ ትራይፖድና አንድ ፍላሽ ነው።

አንዱን ቦታ በሌላ ወቅት ስመለስበት ፍሬሙ በትክክል እንዲገጥም ምን ላድርግ? ቀለሙስ ከወቅት ወቅት እንዳይዘበራረቅ? ሰው ባርኔጣ አድርጎ በቀትር ፀሐይ ሲሠራ ፊቱን እንዴት ላውጣው? አቧራና ዝናቡንስ? በመጨረሻም በሺህ የሚቆጠር ፋይል ሲጠራቀም በምን ሥርዓት ይቀመጣል?

ቋሚ ነጥብ

የፍሬሙን ጉዳይ ብቻ ልመልስ፤ የቀረውን ሌሎች ይሉበታል።

ለመደጋገም ከስድስት እስከ አሥር ነጥብ ቢመርጡ ይበቃል። የመንገድ መገናኛ፣ ማሳ ከነዳገቱ፣ ውኃ መቅጃ፣ የገበያ ሜዳ፣ የአንድ ቤት ደጃፍ። ከዚያ ከበዛ ሁሉንም ሳያዳርሱ ወቅቱ ያልፍብዎታል። ለእያንዳንዱ ነጥብ መቆሚያውን፣ የሌንሱን ከፍታ ከመሬት፣ የሌንሱን ዓይነትና የፍሬሙ መሀል የት ላይ እንዳረፈ ይጻፉ። ከፍታውን በሁሉም ነጥብ አንድ ቢያደርጉት፣ ለምሳሌ 150 ሴንቲ ሜትር፣ የሚረሳ ነገር ይቀንሳል። መቆሚያውን በእንጨት ችካል አያመልክቱ፤ ይነቀላል ወይም አብሮ ይታረሳል። ከድልድይ ማዕዘን ወይም ከግንብ ጥግ በሜትር ለክተው ያስፍሩ። የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሜዳ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ስለሚስት አካባቢው ድረስ ይወስድዎታል እንጂ ነጥቡ ላይ አያቆምዎትም።

ትክክለኛው ቦታ ላይ የሚያቆምዎት የቅርብና የሩቅ ነገር መደራረብ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንድ ቅርብ ነገር ከአንድ ሩቅ ነገር ጋር የተጋጠመበትን ይፈልጉ፤ የአጥር ቋሚ ከሩቅ ጣሪያ ጠርዝ ጋር እንበል። ካሜራውን ባለበት ማዞር ይህን ግጥሚያ አይለውጠውም። የሚለውጠው የእርስዎ መንቀሳቀስ ነው። ቋሚው ከጣሪያው ወደ ግራ ከሸሸ እርስዎ ወደ ቀኝ ሄደዋል፣ ስለዚህ ወደ ግራ ይመለሱ። የቋሚው ጫፍ ከሩቁ ነገር አንጻር ዝቅ ብሎ ከታየ ካሜራው ከፍ ብሏል። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ ነው ካሜራውን አዙረው ፍሬሙን የሚያጠሩት። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፍሬሙን ያጠራና ቦታውን ይረሳል፤ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያኔ ይጋለጣል። የመጀመሪያውን ፎቶ አሳትመው ይያዙ፤ በፀሐይ ውስጥ የስልክ ስክሪን አይታይም።

ግጥሚያው እንዲሠራ ቅርቡ ነገር የማይለወጥ መሆን አለበት። ዛፍ አይሆንም፤ ቅርንጫፉ ያድጋል፣ ይቆረጣል።

ሰዓትን አይከተሉ፤ ፀሐይን ይከተሉ። የፀሐይ መውጫ ነጥብ ምድር ወገብ ላይ በዓመት ውስጥ በ47 ዲግሪ ገደማ ይጓዛል፣ 45ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ደግሞ ወደ 68 ዲግሪ ይደርሳል። በሁለቱ ሐሩር መስመሮች መካከል የሚኖር ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል፦ የቀትር ፀሐይ የዓመቱን ከፊል በሰሜን፣ የቀረውን በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ባለፈው ወቅት ብርሃን ያገኘ ግድግዳ በዚህኛው ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥላዎ ከቁመትዎ ጋር ሲስተካከል ፀሐይ 45 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጥላው እጥፍ ሲሆን 27 ገደማ ላይ። ይህን መዝግበው በተመሳሳዩ ጥላ ይመለሱ። ከወገቡ በራቀ አገር በብርዱ ወቅት ፀሐይ በቀትር እንኳ 45 ላይ ላትደርስ ስለምትችል ልኩን በዝቅተኛዋ ወቅት በሚገኘው ከፍታ ይወስኑ። አለዚያ የቦታዎቹን ተከታታይ በሙሉ በደመና ቀን ማንሳት ነው።

ጥላ ለካ

ወንድሜ፣ የባርኔጣውን ነገር እኔ ልመልስልህ።

ጠቆር ያለ ፊት በባርኔጣ ጥላ ውስጥ ሆኖ ከኋላው ፀሐይ የመታው ገለባ ካለ ልዩነቱ በቀላሉ 4 ስቶፕ ይሆናል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ሲሆን ነው። ካሜራው አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ገለባውን ያይና ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊቱ ጉድጓድ ይሆናል። ስፖት ሜተሩን (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን የብርሃን መለኪያ) ፊቱ ላይ አድርገህ ለካ። ከዚያ ግን የሰጠህን ቁጥር እንዳለ አትቀበል፤ ሜተር የነካውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት ለጥቁር ፊት 1 ስቶፕ ቀንስ፣ ለነጣ ያለ ፊት 1 ስቶፕ ጨምር። ገለባው ጥቂት ቢቃጠል፣ ማለትም ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ቢሆን፣ ምንም አይደለም። ነጭ ልብስ ግን ከተቃጠለ ፎቶው ሞቷል፤ የሃይላይት ማስጠንቀቂያው ልብሱ ላይ ብልጭ ካለ ሲሶ ስቶፕ፣ ሲሶ ስቶፕ እያልክ ዝቅ በል።

ከቁጥሩ የሚበልጠው የቆምክበት ቦታ ነው። ከሠራተኛው ፊት ለፊት ያለው መሬት ገለባ ወይም ደረቅ አሸዋ ከሆነ ብርሃኑን ወደ ላይ መልሶ ከባርኔጣው ሥር ያስገባዋል፤ ትንሽ ቢጫ ይቀባዋል እንጂ ፊቱ ይወጣል። አዲስ የታረሰ ጥቁር አፈር ከሆነ የሚመለስ ብርሃን የለም። እሱን አታዙረው፣ አንተ ዙር፤ ሥራውን ካስቆምከው የቆመ ሰው ነው የምታነሳው።

ፍላሽ በቀትር ይረዳል፣ ግን አቅሙን እወቅ። የብዙ ካሜራ ከፍላሽ ጋር የሚሠራው ፈጣኑ ሹተር 1/200 ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት) 100 ላይ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ልክ) 11 ትሆናለህ። ጋይድ ነምበሩ (የአቅሙ መለኪያ) 36 የሆነ ፍላሽ በኤፍ 11 በሙሉ ኃይሉ ከ3.3 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ 2 ሜትር ላይ ላለ ሰው ጥሩ ነው፤ ኃይሉን ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ዝቅ አድርገው፣ ፍላሽ መሆኑ አይታወቅም። አውድማው ማዶ ላለ ሰው ግን ባትሪ መጨረስ ነው።

ለእንቅስቃሴ፦ ማጭድ ሲወርድ 1/500 ያቆመዋል። በመንሽ ወደ ላይ የተወረወረ ገለባ እያንዳንዱ ሰበዝ እንዲለይ 1/1000 ይፈልጋል። እህሉ እንደ ጅረት ሲፈስ ማሳየት ከፈለግህ 1/60 ላይ ውረድና ትንፋሽህን ይዘህ በተከታታይ አንሳ፤ ከብዙው አንዱ የሰውየው ራስ ያልተንቀሳቀሰበት ይሆናል። አቧራና ገለባ የሚታየው ፀሐይ ከኋላቸው ሆና ከበስተጀርባ ጥቁር ነገር ሲኖር ነው፤ በሰማይ ላይ አይታይም። ዝናብም እንዲሁ፦ ከኋላ ብርሃን፣ ከበስተጀርባ ጨለማ፣ መስመር ሆኖ እንዲታይ 1/60፣ ጠብታ እንዲሆን 1/500።

በገበያ ውስጥ ፎከስ ፍለጋ አትጨነቅ። 35 ሚሜውን ኤፍ 8 ላይ፣ ፎከሱን በእጅ 3 ሜትር ላይ አድርገህ ተወው፤ በፉል ፍሬም ከ1.9 እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል። የቀረህ ቅርበትህን መጠበቅ ነው። 85ቱን በገበያ ውስጥ የሚጠቀም ሰው ከሩቅ የሚሰርቅ ይመስላል፤ ፎቶውም ያንኑ ይመስላል።

ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት ካለ፣ 50 ሄርዝ በሆነበት አገር 1/100 ወይም 1/50 ተጠቀም፤ 60 ሄርዝ ከሆነ 1/120 ወይም 1/60። ከዚያ ከፈጠንክ ፍሬሙ ላይ የጨለማ ሽንትር ይመጣል።

ለቀለም ደግሞ በየዕለቱ አንድ ጊዜ የቀለም ማስተካከያ የሆነውን ግራጫ ካርድ አንሳ፤ ቤት ስትገባ ሁሉንም በሱ አስተካክል። በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ማንሳትህን አትርሳ።

ጨለማ ክፍል

በጥላ ለካ መጨረሻ አንቀጽ አልስማማም። ግራጫ ካርዱ ለምርት ፎቶ ነው። ለወቅት ተከታታይ ከተጠቀምክበት የምትመዘግበውን ነገር ራሱን ታጠፋዋለህ፤ የብርድ ጠዋት ሰማያዊነት፣ የአቧራ ወር ቢጫነት፣ ከዝናብ በኋላ ያለው አረንጓዴ ነጸብራቅ ሁሉ ወደ አንድ ግራጫ ይታጠባል። ለደጅ ፎቶ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን የሚለይበትን የቀለም ልክ) 5500 ኬልቪን ላይ ቆልፈህ ዓመቱን በሙሉ አትንካው። ሲታተምም ሁሉንም በዚያው። ያኔ ልዩነቱ የወቅቱ ነው እንጂ የካሜራው ስሜት አይደለም። ቤት ውስጥ ብቻ ነው በየክፍሉ የሚስተካከለው።

ወደ እቅዱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና። የገጠር ዓመት ሲባል ሁሉም አጨዳና በዓል ያነሳል። ስብስቡ ሲታይ ሰዎቹ ዓመቱን ሙሉ ሲያጭዱና ሲጨፍሩ የሚኖሩ ይመስላል። በመሀል ያሉት ሳምንታት፣ የመሣሪያ ጥገናው፣ ዘር መረጣው፣ ዝናብ ጥበቃው፣ የእንስሳ ሕክምናው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ የሚሠሩት ሥራ፣ እነሱ ናቸው የሚጎድሉት። ስለዚህ ሳትወጣ በፊት ዝርዝር ጻፍ።

የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ዋስትና አስተዳደር የፎቶ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሮይ ስትራይከር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለላካቸው ፎቶ አንሺዎች የሚሰጠው እንዲህ ያለ የሥራ ዝርዝር ነበር፤ በአነስተኛ ከተማ ሰዎች የት እንደሚገናኙ፣ ማታ ቤታቸው ምን እንደሚሠሩ ሁሉ እንዲያዩ ያዝዝ ነበር። ዝርዝር ማለት ግን እስር ቤት አይደለም። የዚያው ስትራይከር መጥፎ ጎንም ይታወቃል፦ ያልወደደውን ኔጌቲቭ ወረቀት በሚበሳው መሣሪያ ይበሳው ነበር፣ ብዙዎቹም ከነቀዳዳቸው አሁንም በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ከዚህ የሚወሰደው ያልወደድከውን እንዳታጠፋ ነው። የዛሬ ውድቅ ፎቶ ከጀርባው ያለው ሱቅ ከፈረሰ በኋላ ዋና ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ሌላው መታየት ያለበት እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ጄምስ ራቪሊየስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜን ዴቨን ገጠር ለ17 ዓመታት ያህል ያነሳ ሲሆን፣ ከ70,000 በላይ ፍሬሙ በቢፎርድ ማኅደር ተቀምጧል። ሽፋን ያልተቀባ የድሮ ሌንስ ይመርጥ የነበረው ብርሃንና ጥላው እንዲለሳለስለት ነው፤ ወደ ፀሐይ ዞሮ ማንሳት ይወድ ነበርና። በዲጂታል ይህንን ለማግኘት ለብሩህ ቦታው ለክተህ ጥላውን በራው ላይ እስከ 2 ስቶፕ ማንሳት ነው። ከዚያ ካለፍክ ጥላው ውስጥ ጉርብጥብጥ ይወጣል።

ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ አራት ዓይነት ፍሬም ይኑርህ፦ ሥራው ከነመሬቱ፣ ሠራተኛው ከነመሣሪያው፣ እጅና መሣሪያ ብቻ፣ ደግሞም ሥራው ካለቀ በኋላ። አራተኛውን ሁሉም ይረሳዋል፤ ምርቱ ሲጫን ካሜራው ይዘጋል። እንዲሁም ሁሉም ፎቶ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ ከሆነ ያሰለቻል። አረም የሚነቅል ሰው ጎንበስ ብሏል፣ አንተም ጎንበስ በል።

ፎቶ ቤት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ዋይት ባላንሱን ቆልፌ እሄዳለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስገባ ሌንሱ በውስጥም ጭጋግ ይይዛል፤ በአውድማም አቧራው ሌንስ መቀየር አያስችልም። ደግሞ የቡድን ፎቶ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገኛል።

ዝናብ ጠባቂ

ጭጋጉ የሚመጣው ከእርጥቡ ሞቃት አየር በቀዘቀዘው መስተዋት ላይ ነው። መፍትሔው ካሜራውን ደጅ ሳለህ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ከረጢት አሽገህ ይዘኸው መግባት ነው። ውኃው ከረጢቱ ላይ ይጠልላል፣ ካሜራው ላይ አይደርስም። እስኪሞቅ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አትክፈተው። ሜሞሪ ካርዱን የምትፈልገው ከሆነ ከመግባትህ በፊት አውጣው። በብርድ ባትሪ ቶሎ የሞተ ይመስላል፤ ትርፉን በደረት ኪስ ያዝ፣ ደክሞ የወጣውም ሲሞቅ ጥቂት ይመለሳል።

በውስጥ ያለው ጭጋግ ከቆየ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌንስ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ እርጥበት ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ፈንገስ ያበቅላል፤ ቀጫጭን ክር ሆኖ ይታያል፣ ሽፋኑንም ይበላዋል። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄልና ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃል። ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ይቆይ። ከ30 በታች አታውርደው፤ ጎማውና ቅባቱ ይደርቃል። ባለ ቀለሙ ሲሊካ ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል፣ በምድጃ ደርቆ እንደገና ይሠራል።

ለአቧራ፦ አውድማ ከመድረስህ በፊት ሌንስ ምረጥና ገጥመህ ሂድ። መለወጥ ግድ ከሆነ ለነፋሱ ጀርባህን ሰጥተህ፣ ካሜራውን አጥፍተህ፣ አፉን ወደ ታች አድርገህ ለውጥ። ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ በእጅ የሚነፋ ጎማ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከሁሉም በኋላ ጨርቅ ነው። በጨርቅ የጀመረ ሰው ደቃቅ አሸዋውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሌንሱ ላይ ይፈጭበታል። በአፍ መንፋትም ይቅር፤ ምራቅ አለው። ሴንሰሩ ላይ አቧራ መግባቱን ለማወቅ በኤፍ 16 ባዶ ሰማይ አንሳ፤ በኤፍ 2 የማይታየው ነጥብ ሁሉ ይወጣል።

ለቡድኑ የምታውቀው ቀመር ይኖር ይሆናል፦ ከ20 ያነሰ ሰው በጥሩ ብርሃን ከሆነ ቁጥሩን ለ3 አካፍል፣ ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ለ2። 15 ሰው በጥሩ ብርሃን 5 ፍሬም ማለት ነው። ከ50 ካለፈ ሁሉም ዓይን የተከፈተበት ፍሬም አትጠብቅ፤ ከሁለት ፍሬም አጣምር። ሦስት ረድፍ ከሆነ ኤፍ 8፣ ፎከሱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። ፀሐይን ከፊታቸው አታድርግ፤ ዓይን የሚጨፈነው በሱ ነው። በጥላ ዳር አቁማቸው።

ማኅደር

እኔ የምጨምረው መግለጫውንና ፋይሉን ነው። በፎቶው ጥራት ለተጨነቀ ሰው ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን የሚፈለገው ይኸው ነው።

ስሙ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ተራ ቁጥር በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ዓመቱ ከፊት ካልሆነ ኮምፒውተሩ በጊዜ አይደረድረውም። ካሜራው የሰጠውን ቁጥር ከመጨረሻ ይተዉት፣ ከ9999 በኋላ ራሱን ይደግማልና ብቻውን አይበቃም። የካሜራውን ሰዓትም በየወሩ ከስልክ ጋር ያስተያዩ።

መግለጫውን በዚያው ምሽት ይጻፉ። ማን፣ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ምን እየሠራ፤ የት፤ መሣሪያውን የአካባቢው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራው፤ ሥራው በስንት ሰው፣ ለስንት ቀን። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ ዶሮቲያ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1939 ለአንድ ቦታ ፎቶዎች ሁሉ የሚያገለግል አጠቃላይ መግለጫ ትጽፍ ነበር፤ የእያንዳንዱን ከዚያ በታች። አሠራሩ እስከ ዛሬ የተሻለ አልመጣለትም። ጽሑፉን ፋይሉ ውስጥ ለፎቶ መግለጫ በተዘጋጁት የአይፒቲሲ መስኮች ያስገቡት። በፕሮግራሙ ካታሎግ ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ ሲለወጥ ከነጽሑፉ ይሄዳል። ለራው ፋይል ኤክስኤምፒ የሚባል ተጓዳኝ ፋይል ይወጣል፤ ሲያዛውሩ አብረው ያዛውሩት፣ ብቻውን የቀረ ራው መግለጫ የለውም።

ቦታውን አስቀድመው ያስሉ። የ24 ሜጋፒክስል ራው በአማካይ 28 ሜጋባይት ቢሆን፣ በአንድ ውሎ 300 ፍሬም 8.4 ጊጋባይት ነው፤ በዓመት 40 ውሎ ከሆነ 336። አንድ ቴራባይት ለሁለት ዓመት በትርፍ ይበቃል፣ ግን ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ። ሁለት ሃርድ ዲስክ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማኖር እንደ አንድ ቅጂ ነው፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን ይወስዳል።

ፈቃድን በሚመለከት፣ ለማንሳት የተገኘ ፈቃድ ለማሳየት ፈቃድ አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቀው በመግለጫው ላይ ያስፍሩ። የሕፃናትን ፎቶ ከወላጅ ሳይፈቀድ አያውጡ፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣም በፋይሉ ውስጥ ያለውን ጂፒኤስ ያንሱለት። በማኅደሩ ቅጂ ላይ ግን ይቆይ።

ለሰዎቹ ፎቶ መስጠት የሥራው ክፍል ነው፤ ቃል ገብቶ መቅረት በሚቀጥለው ወቅት በር ይዘጋል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 1181 በ1772 ፒክስል ነው፣ ከካሜራዎ የ2 ለ3 ምጣኔ ጋር ያለ ቆረጣ ይገጥማል። ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ያልፋል። ሽፋኑ አንጸባራቂ በሆነ ወረቀት ላይ እርሳስ ስለማይይዝ ትንሽ ወረቀት አብሮ ማድረግ ይሻላል። ለኤግዚቢሽን ደግሞ የፎቶዎቹ መሀል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከፀሐይ ትይዩ በሆነ ግድግዳ ላይ አይስቀሉ፤ ቀለሙ በወራት ይገረጣል።

ቋሚ ነጥብ

ለማኅደር አንድ ጭማሪ፦ ለሚደጋገሙት ነጥቦች በፋይሉ ስም ላይ የነጥቡን ቁጥር ጨምሩበት፣ ነጥብ 04 እንደማለት። ያኔ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ የአንድ ቦታን ወቅቶች ሁሉ በአንድ ረድፍ ማውጣት ይቻላል። ጎን ለጎን ሲሆኑም ያልገጠመው የትኛው እንደሆነ ወዲያው ስለሚታይ ወቅቱ ሳያልፍ ተመልሶ ማንሳት ይቻላል።